የአሥራ ሰባቱ ዓመት ትዕግሥት

ስለ ኑክሌር ቦምብ መጀመሪያ ያነበብኩት ከወረቀት መጣያ ቅርጫት አውጥቼ ነው። ያኔ መሀል ለንደን አንድ ትልቅ ሕንፃ አጸዳ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስለ ጦርነት በማሰብ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም ጦርነት አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ፣ ሲበተኑ እኔ እገባለሁ። አንዴ ብቻ የተገመጠ ሳንድዊች፣ ያልተከፈተ ውሃና ቀስት የበዛበት ወረቀት ትተው ይሄዳሉ። ሳንድዊቹን እጥለዋለሁ። ወረቀቱን አጣጥፌ ሽርጤ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ።

ከነዚያ ወረቀቶች አንዱ እስካሁን አለኝ። ሁለት ክብ ተስሎበታል፤ ሁለት አገር መሆኑ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት ይሄዳል፣ ከዚያኛውም ይመለሳል። ከሥሩ «መረጋጋት» የሚል ቃል በትልቁ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ሁለቱም ቦምብ ስላላቸው አይነካኩም፤ ስላልተነካኩ ሰላም ነው ማለት ነው። ከክቦቹ ውጪ ያለው ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። ባዶው ላይ ሰው እንደሚኖር ከሳሉት ለአንዱም አልታየውም። የኔ ንቀት ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ያን ቀን ግን የመጥረጊያውን እጀታ ይዤ እንደቆምኩ መጣ።

ትምህርት ያገኘኝ ዘግይቶ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ደሴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ከእናቴ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ስደት መጣ፣ ከስደት ሥራ፣ ከሥራ ልጅ። ኪልበርን ካለው ቤተ መጻሕፍት፣ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጬ እንግሊዝኛ ማንበብ ስጀምር አርባ አልፎኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ሃምሳ ሲሞላኝ ነው። እዚህ የተወለደችው ልጄ «ማሚ፣ አፕላይ አድርጊ፣ ቢበዛ ኖ ይሉሻል» ብላኝ ነው ፎርሙን የሞላሁት። እነሱ ደግሞ ኖ አላሉም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ምረጡ ሲሉን አስተማሪዬ ስለ ስደቴ እንድጽፍ ፈለገች። ጥሩ ሴት ናት፣ ክፋት የላትም። ያሳለፍሽው መንገድ ውድ ሀብት ነው አለችኝ። መንገዴንማ አውቀዋለሁ፣ የማላውቀው ቦምቡን ነው አልኳት። አንድ አገር በኑክሌር መሣሪያ ጠላቱን ለመግታት ሲነሣ መሣሪያው እንዴት እንደሚያድግ፣ ጎረቤቶቹንስ ምን እንደሚያደርጋቸው ልጽፍ ነው ስላት ደጋግማ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለችኝ። ነጠላ ለለበሰች ሴት የሚፈቀደው ርዕስ የራሷ እንባ ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሥራዬ እንዲህ ነበር። ከሱቅ የገዛሁት የተማሪ ደብተር አለኝ። እያንዳንዱን ገጽ በመስመር ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ። መሀሉ ላይ የሆነውን ነገር እጽፋለሁ፣ በቀኝ በኩል የፈረንጁን ዓመት፣ በግራ በኩል የእኛን። በእኛ ካልቆጠርኩት አንድ ነገር መቼ እንደሆነ አይገባኝም። 1974 ቢሉኝ ቁጥር ነው። 1966 ሲሉኝ ግን ደሴ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ይታየኛል፤ ልጅ ነበርኩ፣ እናቴ ዓይኔን በመዳፏ ትሸፍነው ነበር። በዚያው ዓመት፣ በግንቦት፣ ህንድ የመጀመሪያ ቦምቧን ሞከረች። 1998 ቢሉኝም እንዲሁ ነው። ግንቦት 1990 ሲሉኝ እኛ ከጎረቤታችን ጋር ለተራቆተ መሬት ጦርነት ስንጀምር፣ በዚያው ወር ህንድና ፓኪስታን ተራ በተራ መሬት ሥር ቦምብ ሲያፈነዱ አየዋለሁ። ደብተሩ ባይኖር ይህን ሁሉ አላገናኘውም ነበር።

የጻፍኩት ነገር ረጅም አይደለም። ቻይና ከሷ የሚበልጡትን ፈርታ ሠራች። በጦርነት በቻይና የተሸነፈችው ህንድ እሷን ፈርታ ሠራች። ፓኪስታን ህንድን ፈርታ ሠራች። እያንዳንዱ አገር የሠራሁት ለመከላከል ነው ይላል፣ እያንዳንዱም እውነቱን ነው፤ ግን የአንዱ መከላከያ ለጎረቤቱ ማጥቂያ ሆኖ ይታየዋል። ቦምቡም ጦርነት አላስቆመም። ሁለቱ ቦምባቸውን ባሳዩ በዓመቱ ተራራ ላይ ወጥተው ተዋግተዋል። ትልቁን ጦርነት እንፈራዋለን ብለው ትንንሹን አበዙት፤ ትንንሹ ደግሞ የሚወርደው ድንበር ላይ በሚኖረው ሰው ላይ ነው፣ በዚያ ባዶ ወረቀት ላይ። እኛ ዘንድ የፈሪ ዱላ የሚባል ነገር አለ። ፈሪ አንዴ መምታት ከጀመረ ማቆም አያውቅም፣ ካቆመ የሚመቱት ይመስለዋል። ይህን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሁለት ገጽ ጨረስኩ።

ስለምኖርበትም አገር ጥቂት ጻፍኩ። ይህ አገር አራት ሰርጓጅ መርከብ አለው፤ አንዱ ሁልጊዜ ባሕር ውስጥ ተደብቆ ይዞራል። አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ሲይዝ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ አገሩ ብትጠፋ መርከቡ ምን እንዲያደርግ በገዛ እጁ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ደብዳቤው መርከቡ ውስጥ ካዝና ይገባል። ሥልጣን ሲለቅ ሳይነበብ ይቃጠላል። ይህን ያነበብኩ ቀን የምንኖርበት ሕንፃ ሊፍት ከተበላሸ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ሕንፃውን ለሚያስተዳድረው ካውንስል ሪፖርት ያደረግሁት አምስት ጊዜ ነው። ከባሕር ሥር ሆኖ ዓለምን የሚያጠፋ ማሽን ለአንዲት ቀን አያቋርጥም፤ ከመሬት ወደ ስድስተኛ ፎቅ የሚወጣው ማሽን መለዋወጫ የለውም። ለሞተ አገር ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ደረጃ እየወጣሁ ለምጽፈው ኢሜይል ግን መልስ የለም።

ውጤቱ ጥሩ ሆነ። እንግሊዝኛውን ጨርሼ ሳስረክብ በአማርኛ ልጽፈው አሰብኩ፤ ለሚያውቁኝ ሰዎች።

ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ካለ አንድ ካፌ ጀርባ የውይይት ክበብ አለን። በወር አንድ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን። ታክሲ የሚነዳ፣ ሱቅ ያለው፣ አረጋውያንን የሚንከባከብ፣ ጥቂት ተማሪ። ግማሾቻችን ሙስሊሞች ስለሆንን ለዐስር ሰላት እረፍት አለ። ሴቶቹ ሻይና ሳምቡሳ እናቀርባለን፣ ወንዶቹ ዓለምን ያስተካክላሉ። ስለ ቦምብ ሲነሣ ከሚሉት ብዙውን በቃሌ ይዤዋለሁ። አንዴ አንድ ታክሲ ነጂ እኛም አንድ ብቻ ቢኖረን ማንም አይነካንም ነበር ብሎ ሲፎክር፣ ጎኑ የተቀመጠው መብራት ሲጠፋ በምን ታፈነዳዋለህ፣ በባትሪ? ብሎት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ታክሲ ነጂው አላፈረም። ጄነሬተር እንገዛለን አለ።

የክበቡ ሰብሳቢ ዶክተር ነው። በፊቱ እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ እሱ ይበቃዋል። ሁልጊዜ ከረባት ያስራል፣ ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል። ዶክትሬቱ በምን እንደሆነ አንዴ ጠይቄው «በሰፊው» አለኝ። በዓመት አንዴ የምናወጣውን የአማርኛ መጽሔት የሚያዘጋጀው እሱ ነው፣ ስለዚህ ጽሑፌን የሰጠሁት ለእሱ ነው። አሥራ አራት ገጽ። በስቴፕለር ስለማላምን ገጾቹን በሰማያዊ ክር ሰፋኋቸው።

ርዕሱን አይቶ ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ይሄ ከባድ ነገር ነው» አለኝ። «ግዴለም፣ ቼክ አደርግልሻለሁ።»

በሳምንቱ እጄ የቀረውን ቅጂ ከደብተሬ ጋር ሳመሳክር ገጽ ስድስት ላይ ስህተት አገኘሁ። ቻይና የመጀመሪያ ቦምቧን የሞከረችው በጥቅምት 1957 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። በፈረንጁ 1964 ነው። በጽሑፉ ሁሉ የፈረንጁን ዓመት ተጠቅሜ፣ ያንን አንዱን ብቻ ከግራ በኩል ካለው ገልብጬዋለሁ። እንግሊዝኛው ላይ እንዲህ ያለ ስህተት የለም። በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ አገሩ ገባና እንደ አገሩ ቆጠረ። እኔ የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ባገኝ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። ወዲያው ደወልኩለት። ገጽ ስድስት ላይ የማስተካክለው ቁጥር አለ፣ ይመልሱልኝ አልኩት። ንግግሬን ሳልጨርስ እንዲህ ያለ ነገር ከሱ ዓይን እንደማያመልጥ ነገረኝና ሌላ ስልክ አለብኝ ብሎ ዘጋው።

አራት ወር ዝም አለ። ስጠይቀው ሥራ በዝቶበት ነው። ከዚያ በክበቡ የስልክ ግሩፕ ማስታወቂያ መጣ፤ በሚቀጥለው እሑድ ዶክተሩ «የኑክሌር መሣሪያና የቀጠና ደህንነት» በሚል ርዕስ ንግግር ያደርጋል፣ ንግግሩም በዘንድሮው መጽሔት ይወጣል። ልጄ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አነበበችው፣ አማርኛ ማንበብ ብዙም ባይሆንላት። «ማሚ፣ ዩር ቶፒክ» አለች። አጋጣሚ ይሆናል አልኳት። ዋሸሁ።

እሑድ አብራኝ መጣች። ኋላ ሳምቡሳው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥን። ዶክተሩ ተነሣ፣ ፋይሉን ከፈተ። ከተቀመጥኩበት ሰማያዊው ክር ታየኝ። ሽፋኑን ገንጥሎ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሯል እንጂ ክሩን እንኳ አልፈታውም። የኔን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ዓይኑን ሳይጨፍን አነበበው፤ ለካ የሚጨፍነው የራሱን ሲናገር ብቻ ነው። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። ዝም በይ በሚል እጇን መታ መታ አደረግኋት።

ስርቆቱ አላስደነገጠኝም። በዚህ ከተማ ስንት ዓመት የሰው ጠረጴዛ አጽድቻለሁ፤ ሰው የሌላውን ሐሳብ እንደ ራሱ ሲያቀርብ ያየሁት ያን ቀን አይደለም። ያስፈራኝ ገጽ ስድስት ነው። አምስተኛውን ገጽ ገለጠ። ያየዋል፣ አራት ወር ይዞታል፣ ግዴለም ያየዋል እያልኩ ለሰረቀኝ ሰው ዱዓ አደረግሁ።

አላየውም። እንዲያውም ወደደው። ከገጹ ቀና ብሎ፣ አሁን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከራሱ መናገር ጀመረ። ቻይና በ1957፣ ህንድ በ1974፤ ልዩነቱ ስንት ነው? ሄዶ ነጭ ሰሌዳው ላይ 1957ንና 1974ን ጻፈ፣ ከሥራቸው በትልቁ 17 ብሎ በክብ ከበበው። ህንድ ጎረቤቷ ቦምብ ይዞ እያየች አሥራ ሰባት ዓመት ታገሠች፣ ታላቅ ሕዝብ እንዲህ ነው የሚታገሠው፣ ይህም ስትራቴጂያዊ ትዕግሥት ይባላል አለ። ከዚያ ወደ እኛ አመጣው። እኛም አሥራ ሰባት ዓመት አፋችንን ዘግተን ብንሠራ፣ ያኔ አካባቢያችን ያከብረናል አለ። ታክሲ ነጂው አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉት። የሌለ ሰባት ዓመት ላይ አንድ ሙሉ ጽንሰ ሐሳብ ገነባ፣ ሰውም ገብቶ ተቀመጠበት።

ጥያቄ ሲባል ሀጂ እጃቸውን አነሡ። ሀጂ የክበቡ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የደሴ ሰው፣ ብዙ ዓመት የለንደን አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ። የማስታወስ ችሎታቸው የተመሰከረ ነበር፤ ማን መቼ አገባ፣ ማን በየትኛው ዓመት የመኖሪያ ወረቀት አገኘ፣ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው። በዚያ ወር ግን ልጆቻቸው ለማስታወስ ምርመራ ክሊኒክ ወስደዋቸው ነበር። ውጤቱ ገና ነው። እኔ የማውቀው ራሳቸው ነግረውኝ ነው፣ ሻይ ስቀዳላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ዶክተር» አሉ፣ «ያቺን ቀን እኔ አስታውሳታለሁ። ደሴ ተማሪ ነበርኩ። ሬዲዮ የነበረው ሱቅ በር ላይ ቆመን ነው የሰማነው። ሃምሳ ሰባት ነው፣ ልክ ነህ፤ ግን በእኛ ነው። በፈረንጅማ ሌላ ነው የሚሆነው።»

ዶክተሩ ለሕፃን እንደሚሳቅ ፈገግ አለላቸው። «ሀጂ፣ ምንጮች ይለያያሉ» አለ።

ከፊት «ሀጂ፣ ያን ጊዜ ሬዲዮ ነበር እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ታክሲ ነጂው ነው። ክፋት አልነበረውም። ሰዉ ግን ሳቀ፣ ሀጂም አብረው ሊስቁ ሞከሩ። ከዚያ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ማየት ጀመሩ። «እንግዲህ አርጅቼ ይሆናል» አሉ፣ ለማንም አይደለም። ጣታቸውን ሲቆጥሩ አየሁ። ሃምሳ ሰባትን እንደገና እየፈለጉ ነበር።

ሰላት ደረሰ፣ እረፍት ተባለ። ሰጋጆቹ ከመጋረጃው ጀርባ ሄዱ። እኔም መሄድ ነበረብኝ፣ አልሄድኩም፤ ያን ቀን ሰላቴን ቤቴ ነው የሰገድኩት። የሻይ ማፍያው ጋ ቆሜ ሳለሁ ዶክተሩ መጣ። ፊቴን አይቶ ስርቆቱን እንዳወቅሁ ገባው። ስለ ስኳሩ አንድ ሁለት ነገር ተናገረ። ቀጥሎ፣ በጽሑፉ መጨረሻ ምስጋና የሚባል ቦታ እንዳለ፣ ስሜ እዚያ እንደሚገባ ነገረኝ።

«ሀጂ ትክክል ናቸው» አልኩት። «ቁጥሩ የእኛ ነው። ለዚህ ነው የደወልኩልዎ።»

የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳውን ዘወር ብሎ አየው። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ እህቴ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ አለ።

«አሁን ስህተቱ የኔ ነው። ዝም ካልሽ የኔ ሆኖ ይቀራል፣ ማንም አያስታውሰውም። ጽሑፉ የኔ ነው ካልሽ ግን ስህተቱም ያንቺ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ምን እንደሚል አስቢ። ስታጸጂ ኖረሽ ኑክሌር ልጻፍ አልሽ፣ ዘመን መቁጠር እንኳ አልቻልሽም ይሉሻል። እኔ እንዲህ እንዲሉሽ አልፈልግም።»

ሁለት ዓመት ስለ ማስፈራሪያ አንብቤ እንደዚህ ያለ ንጹሕ ምሳሌ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም። እሱ በኔ ላይ ስህተቴን ይዟል፣ እኔ በሱ ላይ ስርቆቱን ይዣለሁ፤ ሁለታችንም ዝም እንላለን፣ ሳምቡሳ እንበላለን፣ ሁለት ክብ፣ ሁለት ቀስት፣ ከሥሩ «መረጋጋት»። ባዶው ወረቀት ላይ ደግሞ ሀጂ ጣታቸውን ይቆጥራሉ።

ያሰብኩት እንዲህ በቅጡ አልነበረም። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። ሰው ሳይስቅብኝ ለመኖር ብዬ ሃምሳ ዓመቴ ድረስ ብዙ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። አንድ ነጠላ ሰረዝ የሳትኩ እንደሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁን ደግሞ ጽሑፌን ለማግኘት መጀመሪያ ማንሣት ያለብኝ ከጽሑፉ ሁሉ የማፍርበትን አንዱን ቁጥር ነው። ዶክተሩ ሞኝ ነው፣ ይህን ግን በደንብ ገምቶኛል። ሻይ ቀዳሁለት። አመሰገነኝና ተደላድሎ ሄደ።

ሰዉ ተመልሶ ተቀመጠ። ሀጂ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እዚያ ተቀምጠው አያውቁም። ልጄ «ማሚ፣ ልናገር?» አለችኝ። አይሆንም አልኳትና ተነሣሁ። አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ድምፄ ሲወጣ የራሴ አልመሰለኝም።

«ሰሌዳው ላይ ያለው ሃምሳ ሰባት የእኛ ዘመን ነው» አልኩ። «ሀጂ ልክ ናቸው። በፈረንጁ ስልሳ አራት ነው። ስህተቱ የኔ ነው።»

ታክሲ ነጂው ዞሮ አየኝ። «ያንቺ? እንዴት ያንቺ ይሆናል?»

«ስለጻፍኩት።»

ከዚያ በኋላ ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም፣ ሰው የስህተት ባለቤት ነኝ ብሎ አይዋሽም። ዶክተሩ እህታችን በጽሑፉ ብዙ እንደረዳችው፣ የጋራ ሥራ እንደሆነ መናገር ጀመረ። ሲናገር ዓይኑ ተከፍቶ ነበር። እኔ ወደ ፊት ሄድኩ። 1957ን በእጄ አጥፍቼ 1964 ጻፍኩ፣ የተከበበውን 17 አጥፍቼ 10 ጻፍኩ። ጣቴ ጠቆረ።

«አሥር ነዋ» አሉ ሀጂ ከኋላ። «አሥር ዓመት ነው። እኔም እሱን ነው እኮ የምለው።» በትራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱ።

ታክሲ ነጂው ግን ቀልዱን አልተወም። «ቆይ፣ እንግዲህ የህንድን ትዕግሥት ሰባት ዓመት ቀነስሽባት ማለት ነው? ሲያጸዱ እንዲህ ነው፣ የሰው ታሪክ ሁሉ አብሮ ይጠረጋል» አለ። ሳቁ መጣ፣ ዶክተሩ እንዳለው መጣ። አሳመመኝ፤ አላሳመመኝም ብል ውሸት ነው። ኋላ ረድፍ ላይ ከሁሉም በላይ ይስቁ የነበሩት ግን ሀጂ ናቸው። ስለ ሬዲዮው ሱቅ አጠገባቸው ላለው ሰው እንደገና እየነገሩ ነበር፤ የባለሱቁን ስም፣ የበሩን ቀለም ሳይቀር።

ዶክተሩ ፋይሉን ሲዘጋ ገጾቼን ይስጡኝ አልኩት። ለመጽሔቱ አርመሽ አምጪው እንጂ፣ እኔ አሳልፈዋለሁ አለ፤ አሁንም በረኛው እሱ መሆኑ ነው። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሰዉ እያየ ስለነበር ሰጠኝ።

ከልጄ ጋር አውቶቡስ ላይ ወጥተን ፎቁ ላይ ከፊት ተቀመጥን። እሷ ለጓደኞቿ በስልክ ትጽፋለች፣ ብቻዋን ትስቃለች። እኔ ገጾቹን ገለጥኳቸው። አራት ወር ይዞ ቼክ ሲያደርግልኝ የቆየው ጽሑፍ ላይ አንድ የእስክሪብቶ ምልክት የለም። ክሬ እንዳለ ነው። ገጽ ስድስት ላይ ደርሼ 1957ን ሰረዝኩት፣ በላዩ 1964 ጻፍኩ። አንድ ካመለጠኝ ሌላም አምልጦኝ ይሆናል። ሽፋን የሌለውን ጽሑፍ ወደ መጀመሪያው መለስኩና ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ግራና ቀኙን እያየሁ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀመርኩ።